ወደ ኋላ አዙራት

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ግፋ!»

ስምንት ወንዶች ጥቁር ኮታቸውን እንደለበሱ ትከሻቸውን አስደግፈው ገፉ። መኪናዋ ፍንክች አላለችም።

«እንደገና! ትንፋሽ ያዙ! አንድ፣ ሁለት...»

ከቀብር የተመለሱት ገና አሁን ነው፤ የጫማቸው ጭቃ እንኳ አልደረቀም። ግቢው ጠባብ፣ ለቀስተኛው ብዙ። ድንኳኑ መተከል ባለበት ቦታ ላይ ደግሞ ያቺ አሮጌ የወታደር መኪና አቧራ የጠጣ ሸራዋን ተከናንባ ቁጭ ብላለች። እሷን ወደ ግድግዳው ካላስጠጉ አግዳሚዎቹ አይገቡም።

አንዱ ጎንበስ ብሎ ጎማዋን በጫማው መታ አደረገ። «ነፋስ ሞልቷል እኮ! አሥራ አንድ ዓመት የቆመ መኪና ጎማ እንዲህ ይሆናል? ማን ነፋላት?» አለ።

«አትግፉ!»

ድምፁ የመጣው ከቤቱ በር ነው። ሁሉም ቀጥ አሉ። የቆመው የሟች ታላቅ ወንድም ነበር። ሰፈሩ «ጆሮው» ይለዋል። ሠላሳ ስድስት ዓመት መካኒክ ሆኖ ኖሯል። አንድ ጊዜ በጋራዡ በር የምታልፍ የጭነት መኪና ሰምቶ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «የዚህች ሁለተኛው ቫልቭ ሳምንት አያደርስም» አለ። ሾፌሩ ሳቀበት። በአምስተኛው ቀን መኪናዋ ተጎትታ መጣች። ከዚያ ወዲህ ጆሮው ነው።

«ሞተሩ የተያዘ መኪና እኮ ነው የምትገፉት» አለ ጆሮው። «ማርሽ ላይ ናት። ወይ የእሷን ጥርስ ትሰብራላችሁ ወይ የራሳችሁን ወገብ።»

«ታዲያ ማርሹን አውጣላ!»

«ዝጓል፤ አይወጣም።»

ልብስ ሰፊው ጎረቤት አፉ መቼም አያርፍም። ላቡን በመሐረብ ጠረገና፣ «እንግዲህ ጩጬ የገደለውን ሞተር ማን ያስነሳዋል!» አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቅ አመለጠው። ከዚያ ጩጬን ከአንድ ሰዓት በፊት አፈር እንዳለበሱት ትዝ አላቸውና ሳቃቸውን ወደ ጉሮሯቸው መለሱት።

ጩጬ ማለት ሟቹ ነው። አምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ጩጬ እንደተባለ ኖረ፣ ጩጬ እንደተባለ ሞተ።

ምን ይደረግ፣ ድንኳኑን በመኪናዋ ዙሪያ ተከሉት። አግዳሚዎቹን ግራና ቀኝ ደረደሩና እሷ መሃል ቀረች። እንዲያውም ዓይናቸው የደከመ አንዲት አሮጊት ጎረቤት፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲገቡ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያገኙት ኮፈኗን ነው። እጃቸውን አኑረውባት፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ያጥናሽ» ብለው አለፉ። ያየ ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ግማሹ ለሀዘን፣ ግማሹ ሳቁን ለመደበቅ።

ጆሮው ግን መቀመጥ አቃተው።

እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ወንድሙን የቀበረ ሰው ቦታው የታወቀ ነው። ሰው ገብቶ እጁን የሚጨብጥበት፣ ከፊት ያለው ወንበር። ጆሮው እዚያ ይቀመጣል፤ ሻዩ ሳይደርሰው ይነሳል። የውሃ በርሜሉ ጋ ሄዶ ያለምንም ጉዳይ ክዳኑን ከፍቶ ይዘጋል። የድንኳኑን ካስማ በጫማው ይነካካል። ተመልሶ ይቀመጣል። ደግሞ ይነሳል።

«አንተ ሰው፣ እርፍ በል እንጂ!» አለችው ታላቅ እህታቸው። ግቢው ውስጥ አብራው የምትኖር ናት፤ ሁለቱም ወንድሞቿ እትዬ እያሉ ነው ያደጉት። «ምን ጠፍቶህ ነው?»

«ምንም፣ እትዬ።»

«ምንም ያልጠፋው ሰው እንዲህ አይዞርም።»

የጠፋውን እሱ ያውቃል። ከአፉ ቀድማው ያለፈች፣ ተመልሳ የማትያዝ አንዲት ቅጽበት ናት።

ጩጬ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ሊጠይቀው ሄዶ ነበር። ጩጬ የወፍጮ ቤት ዘበኛ ነበር፤ ቤቱም ከወፍጮው ጀርባ ሁለት ክፍል ነው። እዚያ ቤት ዱቄት የማይቀመጥበት ነገር የለም፤ መስኮቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ሳይቀር ነጭ ነው። ጆሮው አልጋው አጠገብ ቆመ። ወንበር ነበር፤ አልተቀመጠም። ሁለቱ ወንድማማቾች ለአሥራ አንድ ዓመት ያላቸው ጨዋታ «ደህና ነህ?» «ደህና፣ አንተስ?» ብቻ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ መቀመጥ አያስፈልግም።

«ጋሼ» አለ ጩጬ ድንገት። ፊቱ ከትራሱ የሚለየው በቢጫነቱ ብቻ ነበር። «ያቺን መኪና...»

«የትኛዋን?»

«የአባባን። ወደ ኋላ አዙራት። ወደ ፊት አታስገድዳት፤ ወደ ኋላ ነው።»

ጆሮው የቆየ ቁስሉን የነኩበት ያህል ፊቱ ተለዋወጠ። «አሁን ስለ መኪና የሚወራበት ጊዜ ነው? መድኃኒትህን ዋጥ!» አለው። ከዚያም፣ «ብርቱካን ላምጣልህ» ብሎ ወጣ። ብርቱካኑን ለመግዛት አሥር ደቂቃ ይበቃው ነበር፤ እሱ ግን ሱቁ በር ላይ ከባለ ሱቁ ጋር ስለ መንገድ ሥራው ሲያወራ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሲመለስ ጩጬ ተኝቶ ነበር። ብርቱካኖቹን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በነጋታው ሲጠሩት ሮጦ ደረሰ፤ ብርቱካኖቹ እዚያው ናቸው፤ ዱቄት ለብሰዋል።

ወደ ኋላ አዙራት። ምን ማለቱ ነበር?

በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ጆሮው ሸራውን ገፈፈ።

አረንጓዴ ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል። በሩ ላይ ያለው ነጭ ቁጥር ግን ይነበባል። አባታቸው የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ይህችን መኪና ከወዳደቀ ብረት መሃል መርጦ አወጣትና ከሁለቱ ልጆቹ ጋር ሦስት ዓመት ፈጅቶ ገጣጠማት። በዚያ ሦስት ዓመት ውስጥ ነው ሁለቱም ሙያውን የቀሰሙት።

እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎች ያሉት በሞተሩና በጎኗ ቆርቆሮ መሃል ነው። በዚያ በኩል ጭንቅላት አይገባም፤ እጅ ብቻ ነው የሚገባው። ጆሮው ክንዱን አሾልኮ የመጀመሪያውን በመፍቻ ያዘና ትንፋሹን ሰብስቦ ጎተተ። ካንዴላው በቀላሉ ዞረ። ለዝገት የተዘጋጀ ክንዱ ባዶ ነገር አገኘና ሊወድቅ ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውማ በጣት ተፈታ። አውጥቶ ቢያይ ጥርሱ ላይ ግራሶ ተቀብቷል። ያልደረቀ ግራሶ!

«ምን ጉድ ነው?» አለ ለራሱ።

ናፍታና የፍሬን ዘይት እኩል ቀላቅሎ በየቀዳዳው ቀስ እያደረገ አንቆረቆረ። የተያዘ ሞተር ችኮላ አይወድም። ዘይቱ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መሃል እስኪሰርግ ይጠበቃል፤ ከዚያ በትልቅ መፍቻ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ሕፃን እንደማባበል ነው። የቸኮለ ብረቱን ይሰብራል።

ለቀስተኛው መግባት ጀመረ። ጆሮው ይነሳል፣ ዘይት የነካው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ይጨብጣል፣ ሰውየው እንደተቀመጠ ተመልሶ ኮፈኑ ስር ይገባል። አግዳሚው ላይ ሹክሹክታው ተጀመረ።

«ሀዘን ላይ መፍቻ ይይዛል?»

«ተወው፤ ደንግጦ ነው።»

«ምን ይደነግጣል፣ ከወንድሙ ጋር እንደሆነ ሆድና ጀርባ ነበሩ።»

«ቀስ በል፣ ይሰማሃል። ጆሮው እኮ ነው!»

ሰምቷል። እንዳልሰማ ሆነ።

እትዬ መጥታ ክንዱን ያዘችው። «አሁን ይሄ ምን ይሉታል? ሰው ምን ይላል?»

«ይበል።»

«ሚስቱ እያየችህ ነው።»

ዞር አለ። የጩጬ ሚስት የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር። እውነትም እያየችው ነው፤ ዓይኗ ግን ቁጣ አልነበረበትም። የሆነ ነገር ይደርስ አይደርስ እንደሆነ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር። ሲያያት አቀረቀረችና ሻይዋን መቅዳት ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሰው ቀለል ሲል፣ ጆሮው ወንበሩ ላይ አምስት ደቂቃ ተቀመጠ። አባቱ በሐሳቡ መጣበት። ጩጬ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቱ ቢሆን ነው። የቫልቭ ሞላ ሊቀይሩ ነው። ሞላው ሲወጣ ቫልቩ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ሊወድቅ ስለሚችል፣ አባታቸው በካንዴላው ቀዳዳ ገመድ እየጠቀጠቀ ያስገባል። ከዚያ ፒስተኑን ወደ ላይ ሲያመጣው ገመዱ ተጨቁኖ ቫልቩን ከስር ደግፎ ይይዘዋል። ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ ገመዱን በጅራቱ መጎተት ነው።

«ኑ ያዙ» አላቸው አባታቸው መፍቻውን እየሰጠ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ። ፒስተኑ ገመዱን ሲነካው እጃችሁ ይስማ።»

ጆሮው ያዘ፤ «አዎ፣ ሰማሁ» አለ። ጩጬ ያዘ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና፣ «ትራስ ላይ ጭንቅላት እንደ ማሳረፍ ነው» አለ። አባትየው እስኪያስለው ሳቀ።

«ጅራቱስ? ጅራቱ የት ነው የሚሆነው?»

«ውጪ!» አሉ ሁለቱም።

«ምን ለብሶ?»

«ቀይ!»

የአባታቸው ሕግ ነበር። የገመዱ ጫፍ ሁልጊዜ ከቀዳዳው ውጪ ያድራል፤ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል፤ የረሳ ሰው እንኳ ቢመጣ ያየዋል። ቀይ ጨርቁን ከልብስ ሰፊው ብጥስጣሽ ነበር የሚያመጡት። ጩጬ አንድ ጊዜ ሊለምን ሄዶ የሙሽራ ቀሚስ ጨርቅ ቆርጦ ስለመጣ፣ ልብስ ሰፊው መቀሱን ይዞ እስከ ግቢው ድረስ አባሮታል።

ጆሮው ፈገግ ሊል ነበር። ወዲያው ያቺ ሌላዋ ጠዋት መጣችበት፤ ተነሳ።

ያቺ ጠዋት ይህን ትመስል ነበር። በዋዜማው ጩጬ መኪናዋን ይዞ ለጎረቤት የውሃ በርሜል ሲያመላልስ፣ ዳገቱ ላይ ውሃዋ ፈላ። አንድ የቫልቭ ሞላም ተሰበረ። እያነከሰችም ቢሆን በራሷ ሞተር ግቢ ገባች። ጆሮው ያን ከሰዓት ሞላውን ቀየረላት። በነጋታው ቁልፉን ሲያዞሩ ግን ሞተሩን የምታስነሳዋ ሞተሪኖ «ግው!» ብላ ቆመች። አልዞር አለች።

«አቃጠልካት!» አለ ጆሮው። ግቢው ውስጥ ልብስ ሰፊውን ጨምሮ አምስት ስድስት ሰው ነበር። «ውሃ አፍልተህ ፒስተኖቹን ከሲሊንደሩ ጋር አጣበቅሃቸው! አባባ ሦስት ዓመት የለፋበትን በአንድ ቀን ገደልከው!»

«ጋሼ፣ እየሠራች እኮ ነው ያስገባኋት። ክፈታትና እያት።»

«ምኑን እከፍተዋለሁ? ጆሮዬ አይበቃም?»

«እንግዲያው እኔ ልክፈታት።»

«ሁለተኛ እጅህ እንዳይነካት!»

ጩጬ ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ መፍቻ ይዞ አያውቅም። ልብስ ሰፊው በጨዋታ «ሞተር ገዳይ» አለው፤ ስሙ ተጣበቀበት። ለሥራ ጋራዥ በሄደ ቁጥር ስሙ ቀድሞት ይደርስ ነበር። ጆሮው ከልክሎታል፤ የጆሮውን ቃል ደግሞ ማን ይጥላል? ስለዚህ ዘበኛ ሆነ። ጆሮውም መኪናዋን በሸራ ሸፈናት። አልከፈታትም። አንድም ቀን።

በሦስተኛው ቀን ሲነጋ ጆሮው መፍቻውን ዋናው ዘንግ ጫፍ ላይ ባለው ትልቅ ብሎን አጠለቀ። ኃይል እንዲጨምርለት ጭራው ላይ የውሃ ቱቦ ሰካ። ሳያስበው ወደ ፊት ጎተተ፤ የለመደ እጅ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ምንም። እንደገና። ምንም። ላቡ በአፍንጫው ወረደ።

ወደ ፊት አታስገድዳት።

ቱቦውን ነቅሎ በሌላው ጎን ሰካ። ሁለት እጁን አኖረ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ወደ ኋላ፣ ቀስ።

መፍቻው ተንፈስ እንደማለት ያህል ተነቃነቀች። የፀጉር ውፍረት ታህል። ትንሽ ወደ ፊት መለሳት፣ ትንሽ ወደ ኋላ። አሁን ጣት ታህል። ሞተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ሲጥጥ አለ፤ ከቀዳዳዎቹ ጥቁር ዘይት ወረደ። ከዚያ ለቀቀች! ዞረች፣ ዞረች፤ አንድ ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመች።

ጆሮው ባለበት ደረቀ።

ብረት ብረትን ሲገጥም ይናገራል። «ካ» ይላል፤ መፍቻው እጅ ላይ ይነዝራል። ይህ አልተናገረም። ገፋ ሲያደርገው እሺ ይላል፣ ሲለቀው መለስ ይላል። ወደ ፊት አዞረው፤ ሄዶ ሄዶ እዚያም እንዲሁ በዝግታ ቆመ።

ትራስ ላይ ጭንቅላት እንደ ማሳረፍ።

እጁ ከራሱ ቀድማ አውቃለች። ጆሮው ሞተሩን መለስ አድርጎ፣ ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጥፎ፣ ክንዱን በዚያው ጠባብ ቦታ አሾለከ። በመጀመሪያው ቀዳዳ ምንም የለም። በሁለተኛው ምንም። በሦስተኛው ሽቦው የሆነ ነገር ያዘ። ጎተተ። እየተንሸራተተ፣ እየረዘመ፣ ዘይት እያንጠባጠበ ወጣ።

ገመድ ነበር። ክንድ የማይሞላ፣ የጠቆረ ገመድ። ጫፉ እንዳይፈታ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። እንዲህ አድርጎ የሚጠመጥም በሰፈሩ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጆሮው ራሱ።

ኮፈኑን ተደግፎ ቆመ፤ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣ። ያን ከሰዓት ረጅሙ ገመድ አልነበረም፤ ጩጬ በርሜሎቹን አስሮበት እዚያው ረስቶት መጥቷል። ጆሮው እየተሳደበ ከሌላ ገመድ አጭር ቆረጠ። ጅራት የሚተርፈው አልነበረም። «ለዛሬ ነው» አለ። ሞላውን እንደቀየረ «እናትህ ደረጃ ላይ ወደቀች» ብለው ጠሩት፤ እንዳለ ጥሎ ሮጠ። ሲመለስ እናቱ ደህና ነበረች፤ የእሱ ልብ ግን ገና አልተመለሰም። ቀዳዳውን አየ። ቀይ ጨርቅ የለም። ቀይ ከሌለ ደግሞ ገመድ የለም። ካንዴላውን አጠበቀ።

«ጆሮዬ አይበቃም?» አለ በነጋታው። ጆሮው!

«አገኘኸው?»

የጩጬ ሚስት ከኋላው ቆማለች። ማንቆርቆሪያው ባዶ ነው፤ ዝም ብላ ይዛው ነው የመጣችው።

«ታውቂ ነበር?» አላት ሳይዞር።

«እሱ ካወቀ አራት ዓመቱ ነው። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ገበሬዎቹ ጆንያ ሲያስሩ ያያል። ድንገት "ገመዱ! ረጅሙ ገመድ እኮ እኔ ጋ ነበር!" ብሎ ተነሳ። እኔ አበደ ብዬ ነበር። ያኔውኑ ወደዚህ መጣ፤ በራችሁ ላይ ደርሶ ተመለሰ።»

«ለምን?»

«እኔም ለምን አልኩት። ከዚያ አንተ ጋራዥ ስትውል መምጣት ጀመረ፤ እትዬ በር ትከፍትለታለች። እሷ የአባቱ መኪና አሳዝናው ነው የሚመስላት። ጎማውን ነፋ፣ ዘይት ጨመረ። ካንዴላውን ፈትቶ ገመዱን በጣቱ ነክቶታል፤ ነገረኝ።»

«ነክቶት ለምን አላወጣውም?»

የባሏን አነጋገር ይዛ፣ «"እኔ ካወጣሁት፣ አንተው ነህ የከተትከው ይለኛል። ራሱ ይጎትተው" አለኝ» አለች።

ጆሮው ገመዱን በእጁ አዞረ። እንደዚያ ይለው እንደነበር ያውቃል። ቃል በቃል።

«አይነግረኝም ነበር? አንድ ቃል...»

«ነገረህ እኮ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ብርቱካን ልትገዛ ሄድክ።»

እሷ አልሄደችም። ገመዱ ዘይቱን ጠብ፣ ጠብ ያደርጋል።

«በል ታጠብ» አለች በመጨረሻ። «ሰው ሊመጣ ነው።»

የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ከሰዓቱ ላይ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ጆሮው ታጥቧል፣ ኮቱን ለብሷል፤ ግን አሁንም ቆሟል። ገመዱ በግራ ኪሱ ውስጥ ነው። በየደቂቃው እጁን ይከትታል፣ ያወጣል። ልብስ ሰፊው የተከፈተውን ኮፈን አይቶ አላስቻለውም።

«ጆሮው! ሞተሩን አስለቀቅከው አሉ? አይ ጩጬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እጁ የነካውን ሁሉ...»

«ቀይ ጨርቅ አለህ?» አለው ጆሮው።

«ምን?»

«ቀይ ጨርቅ። ብጥስጣሽ።»

«ሱቅ ሙሉ አለ፤ ለምንህ ነው?»

ጆሮው ገመዱን ከኪሱ አውጥቶ ከፍ አድርጎ ያዘው። ብዙዎቹ አልገባቸውም። አንድ ጡረተኛ ሾፌር ግን ሲያየው ሻዩን ከከንፈሩ መለሰ።

«ይህን ከሦስተኛው ሲሊንደር ነው ያወጣሁት» አለ ጆሮው። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ድንኳኑ ግን ጸጥ ብሎ ነበርና ሁሉም ሰማው። «የከተትኩት እኔ ነኝ። ረሳሁት። መኪናዋን የያዛት ይሄ ነው። ጩጬ ምንም አላደረጋትም። ክፈታትና እያት አለኝ፤ እንቢ አልኩ። ሞተር ገዳዩ እኔ ነኝ።»

እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ልብስ ሰፊው ቆሞ አፉን ከፈተና ዘጋው። በሕይወቱ የሚናገረው ያጣው ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ዞሮ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሱቁ ሄደ። ሲመለስ በእጁ የያዘው ብጥስጣሽ አልነበረም፤ ከጥሩ ጨርቅ፣ ከአዲስ ጣቃ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ቀይ ነበር። ሳይናገር ሰጠው። እጁ ሲሰጥ ትንሽ ቆየች።

ጆሮው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ገመዱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ቀዩን ጨርቅ በጫፉ ላይ አንድ ጊዜ አሰረ፤ ጠበቅ አደረገና ደግሞ አሰረ። ገመዱን ወደ ኪሱ ሲመልሰው ጅራቱን ውጪ አስቀረ። ቀዩ በጥቁር ኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ከበሩ ጀምሮ ይታይ ነበር።

ያን ከሰዓት አልተነሳም። የመጣው ሁሉ እየመጣ ጨበጠው።

ሊመሽ ሲል እነዚያ ዓይነ ደካማ አሮጊት ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ መኪናዋን በእጃቸው ዳብሰው አለፏትና ሰውየው ጋ ደረሱ። እጁን ይዘው ሲያጽናኑት ጣታቸው ቀዩን ጨርቅ ነካ።

«ውይ ልጄ፣ ከኪስህ የሆነ ነገር ወጥቷል» ብለው ወደ ውስጥ ሊከቱለት ገፋ አደረጉት።

ጆሮው እጃቸውን ቀስ ብሎ ያዘ።

«ይተዉት እማማ» አላቸው። «ውጪ ነው የሚያድረው።»

ጅራቱንም በሁለት ጣቱ ትንሽ ወደ ውጪ ሳብ አደረገው።